በጉ ላይ «ፉሽ» ያለው ምንድን ነው? ዶሮ ላይስ ለምን የለም?

ገፋፊው (ጠያቂ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ቢዘገይም እንኳን አደረሳችሁ። ጥያቄዬ ከእርድ የመጣ ነው። መልሱ ግን ሳይንስ ስለሚመስለኝ እዚህ አመጣሁት።

አባቴ ወገቡን ካመመው ወዲህ እኛ ቤት በግ የምገፍፈው እኔ ነኝ። ለፋሲካ በጉን በኋላ እግሮቹ ሰቅዬ ገፈፍኩት። ሆዱን ከፈትኩና ጨጓራና አንጀቱን አወረድኩ። ከዚያ ከታች፣ ማለትም ወደ አንገቱ በኩል፣ ደረትና ሆድን ለሁለት የሚከፍል ስስ ነገር አየሁ። ጉበቱ ገና ተለጥፎበት ነበር። ዳር ዳሩ ቀይ ሥጋ ነው፤ መሃሉ ግን ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ ጅማት። ወጠር ብሎ ወደ ደረት ውስጥ ጎብጧል። በነጩ በኩል ሳንባው ሮዝ ሆኖ በስሱ ይታያል።

ሌላ ጊዜ ዝም ብዬ እቀደው ነበር። ዘንድሮ ግን ታናሽ ወንድሜ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ በቢላዋ ጫፍ ነካ አደረገው። «ፉሽ» አለ! ተወጥሮ የነበረው ወዲያው ረገበ። ሳንባውም ተኮማትሮ ሸሸ። ሁለታችንም ደነገጥን። እናቴ ከኩሽና ብቅ ብላ «ሐሞቱን አፈረጣችሁት እንዴ?» አለች።

እና ይሄ ነገር ምንድን ነው? የወጣው አየር የሳንባው ነው? ደግሞ ከዋዜማው ዶሮዋ ስትበለት እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። እህቴን ጠየቅኳት። አሥራ ሁለቱንም ብልት ቆጠረችልኝ፤ እሱ የለበትም።

ጥብስ ብቻ፦

እሱ ሞራ ነው ወንድሜ። ብረት ምጣድ ላይ ጣል ብታደርገው ኖሮ ይሄ ሁሉ ጥያቄ አይመጣም ነበር።

የቄራው ሐኪም፦

ሞራ አይደለም። ሞራ ጨጓራና አንጀቱን የሸፈነው የስብ መረብ ነው፤ ከሆድ ዕቃው ጋር አብሮ ይወርዳል። አንተ ያየኸው ድያፍራም ነው። ጡንቻ ነው እንግዲህ፣ ሥጋ።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ብዙ ዘመኔን ያሳለፍኩት ቄራ ውስጥ ሥጋ ስመረምር ነው። ሰው ስለ ጉበት ይጠይቀኛል፣ ስለ ሳንባ ይጠይቀኛል። ስለ ድያፍራም የሚጠይቀኝ አላጋጠመኝም። ስለዚህ ረዘም ካደረግኩት ቻሉኝ።

ከድምፁ ልጀምር። አየር አልወጣም። ገባ።

ሳንባ የመለጠጥና የመኮማተር ባሕርይ አለው። ሁልጊዜም መኮማተር ነው የሚፈልገው። የጎድን ግድግዳ ደግሞ ወደ ውጭ ይስባል። በሁለቱ መካከል ጠባብ ክፍተት አለ። በውስጡ ጥቂት ፈሳሽ እንጂ አየር የለም፤ ግፊቱም ከውጭው አየር ያነሰ ነው። ሳንባው ተነፍቶ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ድያፍራሙ ወደ ደረት ጎብጦ የተወጠረውም ለዚሁ ነው። የበጉ ጉሮሮ ሲቆረጥ የአየር ቧንቧው ይከፈታል፤ ቧንቧው ግን የሚገባው ሳንባ ውስጥ ነው እንጂ ያ ክፍተት ውስጥ አይደለም። ክፍተቱ እንደተዘጋ ይቆያል። ወንድምህ ሲበሳው የግቢያችሁ አየር ሽው ብሎ ገባ። ሳንባው የሚይዘው ሲያጣ ተኮማተረ፣ ድያፍራሙም ረገበ። በቃ ይሄው ነው።

እኛ ይህንን ሆን ብለን እናደርገዋለን። ታሞ የሞተ እንስሳ ሲመረመር ሆዱ ከተከፈተ በኋላ ድያፍራሙን በቢላዋ ጫፍ በሳ አድርገን ጆሮ እንሰጠዋለን። ድምፅ ካልተሰማ፣ ጡንቻውም ቀድሞውኑ ረግቦ ከተገኘ፣ ደረቱ ውስጥ የማይገባ ነገር ገብቷል ብለን እንጠረጥራለን። አየር ሊሆን ይችላል። ደም ወይም መግልም ሊሆን ይችላል። ወንድምህ ሳያውቀው ሙያችንን ሠርቷል።

አሁን በጉ በሕይወት እንዳለ አስቡት። ድያፍራሙ ሲኮማተር መሃሉ ያለውን ነጭ ጅማት ወደ ሆድ በኩል ይጎትተዋል። ጉብጠቱ ይቀንሳል። ጎድኖቹም ከፈት ይላሉ። የደረቱ ውስጥ ይሰፋል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ አየር በአፍንጫ ይገባል። ሲሪንጅ ውስጥ መድኃኒት ስንስብ የምናደርገውም ይህንኑ ነው፤ ዘንጉ ወደ ኋላ ሲጎተት ፈሳሹ ራሱ ይገባል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ድያፍራም አየር አይገፋም። ይስባል እንጂ። በጉ ተረጋግቶ ሲተነፍስ አየሩ የሚወጣው ጡንቻው ሥራውን ስለተወ ነው፤ ሳንባው በራሱ ይኮማተራል። ሲያስል ወይም ሲሮጥ በኃይል የሚያስወጡት የሆድ ግድግዳ ጡንቻዎች ናቸው። እነሱ ሆድ ዕቃውን ይጫኑታል፣ ሆድ ዕቃው ድያፍራሙን ወደ ደረት መልሶ ይገፋዋል።

ጡንቻው የሚነሳው ከሦስት ቦታ ነው። ከደረት አጥንቱ ጫፍ፣ ከጎድኖቹ ውስጠኛ ገጽ፣ ከወገብ አከርካሪ። ከወገብ የሚነሳው ክፍል ወፈር ያሉ ሁለት እግሮች አሉት፤ ቀኙ ይበልጣል። ከኩላሊቶቹ ፊት፣ አከርካሪው ሥር፣ ጠቆር ያለ ቀይ ሥጋ አይተህ ከሆነ እሱ ነው። ፈረንሳዮች ከበሬ ላይ ለይተው «ኦንግሌ» ብለው ይሸጡታል። ሜክሲኮዎች የጎድኑን በኩል «አራቼራ» ብለው ይጠብሱታል። እኔ ቤት ከጥብሱ ጋር ተቀላቅሎ ስሙ ሳይጠራ ያልፋል።

ግድግዳ ነው ስል ግን ቀዳዳ የለውም ማለቴ አይደለም። ሦስት ዋና ዋና በሮች አሉት። አንዱ ምግብ ወደ ጨጓራ የሚወርድበት ነው። በአንዱ ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ፣ አኦርታ ያልፋል። በሦስተኛው ከኋላ አካል ወደ ልብ የሚመለሰው ትልቁ ደም መልስ ይገባል። ሦስተኛው የተሠራው ሥጋው ላይ ሳይሆን ጅማቱ ላይ ነው። ጅማት አይኮማተርም። ስለዚህ በጉ አየር በሳበ ቁጥር የደም መልሱ አይታነቅም። ይህንን ያየሁ ቀን «ማን አሰበው!» ብያለሁ።

ስለ ዶሮዋ እህትህ ልክ ናት። የለም። እንዲህ ያለ ሙሉ የጡንቻ ግድግዳ ያላቸው አጥቢ እንስሳት ብቻ ናቸው። አይጥም አለው፣ ዓሣ ነባሪም አለው። እየበረረች የምትኖረው የሌሊት ወፍ እንኳ አላት። ማናቲ የሚባለው የባሕር አጥቢ ላይማ በአካሉ ርዝመት ነው የተዘረጋው። አዞ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው፤ ጉበቱን ወደ ኋላ የሚጎትት ጡንቻ አለውና በዚያ ሳንባውን ያሰፋል።

የዶሮ ሳንባ ከጎድኖቿ ጋር የተጣበቀ ነው። ስታጥቡ በጣት ፍቃችሁ የምታወጡት ያ ሮዝ ነገር ነው። እሱ እምብዛም አይነፋም። አየሩን የሚያመላልሱት በአካሏ ውስጥ የተሰራጩ የአየር ከረጢቶች ናቸው፤ እነሱን የሚያሰፋቸው ደግሞ የፍርምባዋ ወደ ታችና ወደ ላይ መንቀሳቀስ ነው። ስለዚህ ዶሮን ደረቷን ጨብጦ መያዝ ማፈን ማለት ነው። በበዓል ሰሞን እግሯን ታስራ ተዘቅዝቃ ስትንጠለጠል ደግሞ ሆድ ዕቃዋ ከረጢቶቹ ላይ ይጫናል። ገበያ ለገበያ ሰዓታት እንደዚያ ሲያዞሯት ሳይ ያናድደኛል። ብብት ሥር መያዝ ምን ይከብዳል?

ገፋፊው፦

ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ! ወንድሜ ከዛሬ ጀምሮ «መርማሪው» ሆኗል፣ አልቻልነውም። እናቴ ደግሞ ሳነብላት «ስቅታስ?» አለች። ስቅ ሲለን «ማን እያነሳኝ ይሆን» እንላለን። እሱም ከዚሁ ጡንቻ ነው አሉ። እውነት ነው?

ነርሷ ከቨርጂኒያ፦

ዶክተር ሲመለሱ ያርሙኝ፤ ይቺኛዋን እኔ ልሞክር።

አዎ፣ ከዚሁ ነው። ስቅታ ማለት ድያፍራሙ ሳይታዘዝ ድንገት ሲኮማተር ነው። አየሩ መግባት ሲጀምር ማንቁርት ላይ ያለው በር ጥርቅም ይላል። ድምፁ የዚያ በር ነው። ጽንስም ማህፀን ውስጥ ስቅ ይለዋል፤ እናቶች በተመሳሳይ ምት ትር ትር ሲል ይሰማቸዋል። ቻርልስ ኦስቦርን የሚባል አሜሪካዊ በ1922 ሊያርደው ያለውን አሳማ ሲመዝን ስቅታ ጀመረው፤ የተወው በ1990 ነው። 68 ዓመት! ጊነስ መዝግቦታል። ማን እያነሳው እንደነበር ለእናትህ እተዋለሁ።

እኔን ግን ስለዚህ ጡንቻ የሚገርመኝ ነርቩ ነው። ጡንቻው ያለው ደረትና ሆድ ድንበር ላይ ነው። ነርቩ የሚነሳው ግን ከአንገት ነው፤ በሰው ላይ ከ3ኛው እስከ 5ኛው የአንገት ነርቭ። ጽንሱ ገና ትንሽ ሳለ ድያፍራም መሠራት የሚጀምረው አንገት አካባቢ ነው። አካሉ ሲያድግ ወደ ታች ይወርዳል፣ ነርቩንም እየጎተተ ይሄዳል።

ሥራ ቦታዬ ላይ ይህ ነገር በየጊዜው ይመጣል። የሐሞት ጠጠር በትንንሽ ቀዳዳ፣ በካሜራ ሲወጣ ሆድ በጋዝ ይነፋል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚቀረው ጋዝ ድያፍራሙን ያስቆጣዋል። ታማሚው ግን የሚያመው ትከሻው ላይ ነው። የትከሻው ቆዳ ስሜትና የድያፍራሙ ስሜት የሚገቡት በአንድ የአንገት ክፍል ስለሆነ አንጎል ይሳሳታል። አንዲት የሀገራችን እናት «ብርድ ትከሻዬን መታኝ፣ ይሄ ኤሲያችሁ ነው» ብለው ጋቢያቸውን ከቦርሳ አስወጡኝ። አለበስኳቸው። ከዚያ ስለ ጋዙ ነገርኳቸው፤ አላመኑኝም መሰለኝ። ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ከመኪና አደጋ በኋላ ትከሻው ሳይመታ ግራ ትከሻውን የሚያመው ሰው ካለ ጣፊያው ደምቶ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ቤት ይሂድ።

አንገት ላይ የሚደርስ ጉዳትም እንዲሁ ነው። ሕብለ ሰረሰር ከ3ኛው በላይ ሙሉ በሙሉ ከተቆረጠ ሰውየው ያለ መተንፈሻ ማሽን አይኖርም። ከ6ኛው በታች ከሆነ እግሩ ባይንቀሳቀስም፣ ጣቶቹም ባይታዘዙት፣ በራሱ ይተነፍሳል። የጥቂት ሴንቲሜትር ልዩነት ነው። ስንተኛና ሕልም ስናይም አብዛኛው ጡንቻችን ዝልፍልፍ ይላል፤ ድያፍራም ግን ሥራ ላይ ነው።

የቄራው ሐኪም፦

እህቴ፣ የማርመው የለኝም። በእንስሳቱ በኩል ልጨምር። በግ፣ ከብትና ውሻ ላይ ነርቩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ከ5ኛው እስከ 7ኛው ይነሳል። ወደ ድያፍራም ሲወርድ ልብን ታክኮ ያልፋል። ይህ ጉርብትና ፈረስ ላይ አንድ አስቂኝም አስደንጋጭም ነገር ያመጣል። ረጅም ርቀት ሮጦ በጣም ያላበው ፈረስ የደሙ ካልሲየም ሲወርድ ነርቩ ይቆጣል። ልቡ በመታ ቁጥር ነርቩም ይነሳል። ጎኑ ከልቡ ምት ጋር እኩል ይዘላል። ፈረሱ ስቅ ያለው ይመስላል። ካልሲየም በደም ሥሩ በዝግታ ሲሰጠው ይተዋል።

ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ የምፈልገው ግን የሚስማሩን ነገር ነው። ላም ምግብ አትመርጥም፤ ገለባ ውስጥ ያለ ሽቦ ወይም ሚስማር አብራ ትውጣለች። ብረቱ የሚያርፈው ሬቲኩለም በሚባለው የጨጓራ ክፍል ነው። ይህ ክፍል ከድያፍራሙ ኋላ ተደግፎ ነው ያለው። ከድያፍራሙ ፊት ደግሞ ልብ አለ። መካከላቸው ጥቂት ሴንቲሜትር ነው። ሬቲኩለም በተኮማተረ ቁጥር ሽቦውን ወደፊት ይገፋዋል። ድያፍራሙን ይበሳና የልብ ከረጢት ይደርሳል።

ከከተማ ዳር ካለ የወተት እርባታ የመጣች ላም ትዝ ትለኛለች። ክርኖቿን ከጎኗ ከፍታ፣ ጀርባዋን አጉብጣ ነበር የምትቆመው። ዳገት ትወጣለች፤ ቁልቁለት ግን እምቢ። ቁልቁል ስትሄድ የሆዷ ክብደት ድያፍራሟ ላይ ይመጣላ! ስትታረድ ቀጭን የማሰሪያ ሽቦ ጨጓራውን፣ ድያፍራሙንና የልብ ከረጢቱን አንድ ላይ ሰፍቷቸው አገኘሁት። ልቧ መግል ውስጥ ነበር። ባለቤቱ «መኖዋን አጥታ አይደለም፣ ምን ሆነች?» ሲለኝ ሽቦውን በእጁ ሰጠሁት። ላም የምታረቡ ሰዎች፣ ጨጓራ ውስጥ የሚቀመጥ ማግኔት አለ። አንዴ ይዋጣል፣ ብረቱን ይዞ ያስቀረዋል። ርካሽ ነገር ነው። ድርቆሽ በሽቦ አትሰሩ፣ ይሄ ደግሞ በነፃ ነው።

ሆድ መንፋትም በዚሁ ጡንቻ በኩል ነው የሚገድለው። ከብት እርጥብ አልፋልፋ ላይ ከተለቀቀ ጨጓራው በአረፋ ይሞላል። ድያፍራሙ ወደ ደረት ይገፋል፣ ሳንባ ቦታ ያጣል። የምትሞተው ታፍና ነው። የግራ ጎኗ ከተወጠረ ለነገ አታሳድሩት።

መዘምሩ፦

ይቅርታ፣ ከሥጋ ላውጣችሁ። የመዘምራን አሠልጣኛችን ሁልጊዜ «ከድያፍራም ዘምሩ» ይለናል። ዶክተር ግን ድያፍራም አየር አይገፋም አሉ። እኛ ታዲያ ከምን ስንዘምር ነው የከረምነው?

የቄራው ሐኪም፦

ከሆድ ጡንቻህ። በጎች አይዘምሩልኝም፣ ግን ሥራው ያው ነው። ስትዘምር አየር ይወጣል፤ የሚያስወጡት የሆድና የጎድን ጡንቻዎች ናቸው። የድያፍራም ድርሻ መጀመሪያ ሙሉ አየር መሳቡ ነው። አንዳንድ ዘፋኞች ላይ ደግሞ ስንኙ እንደተጀመረ ጥቂት ተወጥሮ ቆይቶ አየሩ በአንዴ እንዳያልቅ ይይዘዋል። ጡንቻው ራሱ የቦታ ስሜት የሚሰጡ ሕዋሳት እምብዛም የሉትም። «ድያፍራሜ ተሰማኝ» የሚል ሰው የተሰማው ሆዱ ነው። አሠልጣኝህን አታርመው፤ የሚያሠራችሁ ነገር ትክክል ነው።

ገፋፊው፦

የመጨረሻ ጥያቄ ዶክተር። ይበላል?

የቄራው ሐኪም፦

ይበላል፣ ይጣፍጣልም። ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ጡንቻ ነውና ጣዕሙ ጠንከር ይላል። ላዩ ላይ ያለውን ስስ ሽፋን ግፈፈው፣ አለበለዚያ ስታላምጠው ትውላለህ።

ግን ጥሬ አትብላ። ቄራ ውስጥ በሬ ሲመረመር የኮሶ ትል ዕጭ የሚፈለግባቸው ቦታዎች ምላስ፣ መንጋጋ፣ ልብ፣ ትከሻና ይኸው ድያፍራም ናቸው። ከ1 ሴንቲሜትር ብዙ የማያልፍ፣ ውሃ የቋጠረ፣ ውስጡ ነጭ ነጥብ ያለው ነገር ነው። በግ ድያፍራምና ልብ ላይ የሚገኘው ሌላ ዓይነት ነው። እሱ ሰውን አይዝም፣ ውሻን ነው የሚይዘው። ሳንባና ጉበት ላይ ያለው የውሃ ከረጢት ግን አደገኛ ነው። ውሻ ይበላዋል፣ ከውሻው ወደ ሰው ይተላለፋል። ስለዚህ ትርፍራፊውን ጥሬውን ለውሻ አትወርውሩ። ቅበሩት።

ገፋፊው፦

ዶክተር… ድያፍራሙንም ሳንባውንም ቡቺ በልቶታል።

የቄራው ሐኪም፦

ፕራዚኳንቴል የሚባል የትል መድኃኒት አለ። በክብደቱ ስለሚለካ ቡቺን አቅራቢያችሁ ወዳለ የእንስሳት ክሊኒክ ውሰደው። እስከዚያ ልጆቹ ከነኩት በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ፊታቸውን እንዲልስም አትፍቀዱለት።